እሁድ ለእግራችን

ቤይሩት ውስጥ እሁድ ጠዋት ኮርኒሽ ላይ አብረን የምንሮጥ ሴቶች አለን። “ሳምንቱን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ ደግሞ ሩጫ?” ይሉናል። የደከማት ትራመድ፣ ማንም አያስቸኩላትም። እኔ ሩጫውን የምወደው ለሰውነት ብቻ ብዬ አይደለም። ከዓይን ምሬሴ እስከ ራውሼ ስንሄድ ፋርማሲው የት እንዳለ፣ ሰርቪስ የት እንደሚገኝ እናውቃለን። ከቤት የማትወጣ ሴት ግን ዓመት ቆይታም ሰፈሯን አታውቅም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ መሄጃው ይጠፋታል።

ማዳም እሁድን እንደ ስጦታ ብትቆጥረውም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ውል በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይላል። ስትወጪ የኢቃማሽን ኮፒና የጓደኛሽን ቁጥር በወረቀት ያዢ፣ ባትሪ ያልቃል።

እሁድ ያልተፈቀደላቸው ከበረንዳ ያዩናል። ቆም ብለን ስልክ ቁጥራችንን በጣታችን እየቆጠርን እናሳያቸዋለን።