የውሳኔ ሐሳብ ሳይቀርብ ክርክር አይከፈት

ነጋዴ ጊዜውን በገንዘብ የሚመዝን ሰው ነው። ዕቃው ከጉምሩክ መጋዘን አንድ ቀን ዘግይቶ ቢወጣ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ ሱቁን ከቀትር በኋላ ቢዘጋ ስንት ደንበኛ እንደሚያጣ መዝገብ ሳይገልጥ ያውቀዋል። ይኸው ሰው ግን ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄዶ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጦ፣ ብዙ ንግግር ሰምቶ፣ ምን እንደ ተወሰነ ሳይገባው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩን ከኪሣራ አይቆጥረውም። 50 ነጋዴዎች 3 ሰዓት ቢቀመጡ የ150 ሰዓት ሥራ ወጪ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ወጪ ግን በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አይታይም።

ከዚህ የባሰው ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ነው። በአዳራሹ ውስጥ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ያለው ሰው ከበሩ ሲደርስ መናገር ይጀምራል። አንዱ «ተስማምተናል» ሲል ሌላው «ማን ተስማማ?» ይላል። መዋጮ የሚሰበስበው ገንዘብ ያዥ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዞር «እኔ በዚያ ነገር ላይ እጄን አላነሣሁም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። መልሱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እጅ አንሡ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አልነበረምና። እንዲህ እየሆነ ማኅበሩ የተቋቋመበት ጉዳይ ይቀርና ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ይቀያየማል፤ ቀስ በቀስም ወደ ስብሰባው የሚመጣው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ ክፉ ስለ ሆኑ ወይም ማኅበራቸውን ስለሚጠሉ አይደለም። ጥፋቱ ከአነሣሡ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ «የዛሬው ጉዳያችን የሌሊት ጥበቃ ነው» ይልና መድረኩን ይከፍታል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ስለ ሌቦች ብዛት ያወራል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ መብራት አለመብራቱን ያነሣል። ሦስተኛው ያለፈው ዓመት ሒሳብ አለመመርመሩን ያስታውሳል። አራተኛው ለሦስተኛው መልስ ይሰጣል። ነገርን ነገር እያነሣው ቀኑ ይመሻል። የሌሊት ጥበቃ ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ማንም ሰው ለርእስ «አዎን» ወይም «አይሆንም» ብሎ ሊመልስለት አይችልም። መልስ የማይቀበል ነገር ደግሞ ውሳኔ ሊወጣው አይችልም።

ለዚህ በሽታ የተገኘው መድኃኒት የቆየ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲነገር፣ ተናጋሪው የተቃወመውን ሰው ትቶ ጉዳዩን ብቻ እንዲነካ፣ የሚደግፍና የሚቃወም በየተራ እንዲሰማ የሚያዝዝ ልማድ አበጀ። ቶማስ ጀፈርሰን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ሲመራ ሳለ ያዘጋጀውን የሥነ ሥርዓት መጽሐፍ በ1801 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተመ። ሥርዓቱን ከፓርላማ አውጥቶ ለተራው ማኅበር ያደረሰው ግን ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ መኮንን ነው። ይህ ሰው በ1863 ኒው ቤድፎርድ በምትባል ከተማ በቤተ ክርስቲያን የተደረገ ስብሰባ እንዲመራ ሳያስበው ቢጠየቅ፣ ሥርዓቱን ባለማወቁ ስብሰባው ተበጠበጠበት። ኀፍረቱ ለጥናት አነሣሣውና ከ13 ዓመት በኋላ በ1876 በስሙ የሚጠራውን መጽሐፍ አወጣ። የመጽሐፉ 12ኛ እትም በ2020 ታትሟል።

የዚህ ሥርዓት ሥሩ አንድ ነው። የውሳኔ ሐሳብ ሳይቀርብ ክርክር አይከፈትም። የውሳኔ ሐሳብ ማለትም አንድ ማኅበርተኛ ተነሥቶ ማኅበሩ ሊያደርገው የሚገባውን ሥራ ቁርጥ ባለ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያቀርብ ነው። ሌላ ማኅበርተኛ ከደገፈው ሊቀ መንበሩ ቃሉን ደግሞ ለጉባኤው ያሰማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ስለዚያ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የደገፈው ሰው ጉዳዩ ለውይይት የሚበቃ ነው ማለቱ ብቻ ነው፤ በኋላ ሐሳቡን ተቃውሞ ድምፅ ቢሰጥ የሚያስነቅፈው ነገር የለም።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው፣ በአንድ የገበያ መደዳ ላይ የሚነግዱ 40 ማኅበርተኞች ተሰበሰቡ ይባል። አንደኛው ተነሥቶ «ማኅበሩ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ሁለት የሌሊት ዘበኞች እንዲቀጥር፣ ደመወዛቸውም በሱቅ ቁጥር እኩል ተከፋፍሎ እንዲከፈል ይወሰን» ይላል፤ ሌላው ይደግፈዋል። አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለው ቸርቻሪ ግን ሰፊ መጋዘን ካለው አስመጪ ጋር እኩል መክፈሉ አልታየውም። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ይህ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሐሳቡን በሙሉ ይቃወማል። በዚህ ሥርዓት ግን ሦስተኛ መንገድ አለው። ተነሥቶ «በሱቅ ቁጥር እኩል የሚለው ቃል በሱቅ ስፋት መጠን በሚለው ይለወጥ» ብሎ ማሻሻያ ያቀርባል። ማሻሻያው ከተደገፈ ጉባኤው አስቀድሞ በማሻሻያው ብቻ ይከራከራል። 22 ሰዎች ቢደግፉት፣ 14 ቢቃወሙት፣ 4 ድምፅ ባይሰጡ ማሻሻያው ያልፋል፤ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ከሁለቱም ወገን አይቆጠርምና። ከዚያ በኋላ የተሻሻለው ሐሳብ በሙሉው ተነብቦ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። ማሻሻያው ስላለፈ ብቻ ዘበኛው ተቀጠረ ማለት አይደለም።

ከዋናው ሐሳብና ከማሻሻያው ሌላ ለንግድ ማኅበር የሚበቁት መሣሪያዎች አራት ናቸው። መረጃው ያልተሟላ እንደ ሆነ «ጉዳዩ በኮሚቴ ተጠንቶ እስከዚህ ቀን ይቅረብ» ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ያልተቈረጠለት ኮሚቴ ግን የጉዳይ መቃብር መሆኑን መርሳት አይገባም። ጊዜው ያልደረሰ ከሆነ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» ይባላል። ንግግሩ መደጋገም ሲጀምር «ክርክሩ ተዘግቶ ድምፅ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሥርዓት ሲጣስ ያየ ማኅበርተኛ ደግሞ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ብሎ ሊቀ መንበሩን ማስታወስ ይችላል፤ ሊቀ መንበሩም ወዲያው ፍርድ ይሰጥበታል።

ከነዚህ መካከል ክርክር የመዝጋት ሐሳብ ልዩ ጥንቃቄ አለው። በሮበርት መጽሐፍ ዋናው ሐሳብ ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ በሆኑት ሲጸድቅ፣ ክርክር ለመዝጋት ግን ከሦስት ሁለቱ እጅ ያስፈልጋል፤ 36 ሰዎች ድምፅ ቢሰጡ ቢያንስ 24ቱ መስማማት አለባቸው ማለት ነው። ምክንያቱም መወሰን የብዙኃኑ መብት ሲሆን መሰማት የጥቂቶቹ መብት ስለ ሆነ ነው። ብዙኃኑ በጥቂት ብልጫ የጥቂቶቹን አፍ እንዲዘጉ ቢፈቀድላቸው ጉባኤው ጉባኤነቱን ያጣል። ደግሞም መናገር የሚፈልጉት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይናገሩ ማንም ሁለተኛ ጊዜ እንዳይናገር ሥርዓቱ ያዝዛል። ትልቁ አስመጪ ሦስት ጊዜ ሲነሣ ትንሹ ባለሱቅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማ የሚቀርበት ስብሰባ በዚህ አንድ ደንብ ብቻ ሊታረም ይችላል።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። የመጀመሪያው፣ ሥርዓቱ ከውጭ የመጣ ስለ ሆነ ድምፅ መቍጠር ወዳጅን ከወዳጅ ይለያል፣ በአገር ልማድ ግን ተመካክሮ መስማማት ይሻላል የሚል ነው። መስማማት እንደሚሻል የሚክድ የለም፤ ሐሳቡ ተነብቦ ማንም ካልተቃወመ ሊቀ መንበሩ «ተቃዋሚ ስለሌለ ጸድቋል» ብሎ ማለፍ ይችላል። ነገር ግን ሳይጠየቁ ዝም ማለትና ተጠይቆ መስማማት አንድ አይደሉም። በየተራ መናገርም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾች ነገራቸውን በውርርድ አስረው በዳኛ ፊት በየተራ ይናገሩ ነበር። በእቁብም ዳኛና ጸሐፊ ተመርጠው፣ ዕጣው በሁሉ ፊት ወጥቶ፣ የደረሰው ሰው ይታወቃል። ዕጣው ሳይወጣ «ለእገሌ ደርሷል» ቢባል የሚታገሥ እቁብተኛ አይገኝም። ለእቁቡ ዕጣ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ነጋዴ የማኅበሩ ውሳኔ ድምፅ ሳይሰጥበት «ተወስኗል» ሲባል የሚታገሥበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ሥነ ሥርዓት የሚያውቅ ብልጥ ሰው የማያውቀውን ወንድሙን ሊያሰናክልበት ይችላል ይባላል። ይህ ደርሶም የሚታይ ነገር ነው። መድኃኒቱ ግን ሥርዓቱን መጣል ሳይሆን ማሳጠርና ለሁሉ ማሳወቅ ነው። ከላይ የተቈጠሩት ስድስት መሣሪያዎች በአንድ ገጽ ተጽፈው ለእያንዳንዱ ማኅበርተኛ ቢሰጡ የሚበልጥና የሚያንስ አይኖርም። 12 ያህል ሰዎች ብቻ ለሚቀመጡበት የሥራ አመራር ቦርድ የሮበርት መጽሐፍ ራሱ ሥርዓቱን ያላላል፤ እዚያ ሐሳብ ደጋፊ ሳይጠየቅለት ለውይይት ይቀርባል። ልብሱ ለገላው እንጂ ገላው ለልብሱ አልተሠራም።

የሊቀ መንበሩም ኃላፊነት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በትልቅ ጉባኤ ላይ መንበሩን የያዘ ሰው ክርክሩን ይመራል እንጂ በክርክሩ አይገባም፤ መከራከር ቢፈልግ ጉዳዩ እስኪያልቅ ወንበሩን ለምክትሉ መልቀቅ ይገባዋል። ድምፅ ሲቈጠርም የሚደግፉትን ብቻ ጠይቆ ማለፍ ጥፋት ነው፤ «የሚቃወሙስ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። ይህ ጥያቄ ባይነገር ኖሮ ተቃዋሚው የሚናገርበት ቦታ የሚያገኘው ከበሩ ውጭ ብቻ ይሆን ነበር።

የመጨረሻው ነገር ቃለ ጉባኤው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው አዲሱ ሕግ ስለ ንግድ ማኅበራት ጉባኤ አጠራር፣ ስለ ምልዓተ ጉባኤና ስለ ድምፅ ብልጫ ደንግገዋል። ሕግ በሩን ያሳያል እንጂ እጅ ይዞ አያስገባም፤ ማኅበሩ በራሱ ስብሰባ ሥርዓት ከሌለው ጸሐፊው የሚጽፈው ነገር ያጣል። አሁን በብዙ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ቃል ይነበባል። ከዚህ ቃል ማንም ሰው ምን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፍል ሊያውቅ አይችልም። የውሳኔ ሐሳብ በሥርዓቱ ከቀረበ ግን የጸሐፊው ሥራ ቀላል ነው። ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ፣ ያቀረበውን ሰው ስምና የድምፁን ቍጥር መጻፍ ይበቃዋል። ገንዘብ ያዡም ወደ ሱቅ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ያገኛል።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃም ሆነ የውጭ አገር አስተማሪ አያስፈልግም። ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚላከው የጥሪ ወረቀት ከእያንዳንዱ ርእስ ሥር «ይህ እንዲወሰን ቀርቧል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨመርበት፣ ማኅበርተኛው አስቦበት፣ ካስፈለገውም ማሻሻያውን ጽፎ ይመጣል። ዐረፍተ ነገር ያልተገኘለት ጉዳይ ደግሞ ገና ያልበሰለ ነውና ይቈይ። ያለ ዋጋ ዕቃ የማይገዛ፣ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የማይቀበል ነጋዴ፣ ያለ ውሳኔ ሐሳብም ወደ ክርክር እንዳይገባ ልማድ ቢያደርገው ማኅበሩም ጊዜውም ይተርፉለታል።