ቃላት መሸምደድ ዝግጅት አይደለም

ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ለጂአርኢ የሚዘጋጁ ልጆቻችን ጉልበታቸውን የሚጨርሱት ፈተናው በማይጠይቃቸው ነገር ላይ ነው። ይህን የምለው የሒሳብ መምህር ስለሆንኩና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሜሪካ ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚያመለክቱ ተመራቂዎችን ስለማግዝ ነው። አብዛኞቹ ሲመጡ ስልካቸው ላይ ከቴሌግራም የወረደ፣ በሺዎች የሚቆጠር የእንግሊዝኛ ቃል የያዘ ፒዲኤፍ አለ። «ቲቸር፣ እስከ ኤም ጨርሻለሁ» ይሉኛል። እስከ ኤም ለመድረስ ስንት ሌሊት እንደተቸከለ አውቃለሁና ልጆቹን ሰነፍ ማለት አልችልም። ያሳደግናቸው በሽምደዳ ነው፤ ማትሪክንም ያለፉት በእሱ ነው።

ጂአርኢ ግን የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። ለአንዱ ድርሰት 30 ደቂቃ ይሰጣል። ሁለተኛው የሒሳብ ክፍል 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይደርስም። ሒሳቡ ራሱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም፤ ካልኩለስ የለበትም። ታዲያ ምሕንድስና በማዕረግ የጨረሰ ልጅ ለምን ይሳሳታል?

አንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ኤክስ ስኩዌርና ኤክስ ተሰጥተዋል፤ የትኛው ይበልጣል? ፈጣኑ ልጅ ወዲያው «ኤክስ ስኩዌር» ይላል። ኤክስ 3 ከሆነ ልክ ነው። ግማሽ ከሆነስ? ስኩዌሩ ሩብ ይሆናል፤ ያንሳል። 1 ወይም 0 ከሆነ ደግሞ እኩል ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ከተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» የሚለው ነው። ይህ መልስ በየፈተናው ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀመጣል፤ የእኛ ልጆች ግን ይፈሩታል። በክፍላችን ውስጥ «አይታወቅም» ያለ ተማሪ ያላጠና ተብሎ ሲቀመጥ ኖሯል። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚሠራ ልጅ መጀመሪያ የሚለምደው ከመመለሱ በፊት ዜሮን፣ አሉታዊ ቁጥርንና ክፍልፋይን መሞከር ነው። ሳምንታት ይፈጃል፤ ከየትኛውም ቀመር በላይ ግን ነጥብ የሚያስጨምረው ይህ ልማድ ነው።

በቃላቱም ክፍል እንዲሁ ነው። ከስድስት ምርጫ ሁለት መርጦ ለዓረፍተ ነገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም ማስያዝ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። አውጪዎቹ ለዓረፍተ ነገሩ የማይስማሙ፣ እርስ በርሳቸው ግን የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት ሆን ብለው ይጨምሩበታል። ዝርዝሩን የሸመደደ ልጅ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። ይህን የሚፈታው ንባብ ነው። ስለ ሳይንስና ታሪክ የተጻፈ ጠጣር አንቀጽ ወስዶ ጸሐፊው ምን እንደሚደግፍ፣ ምን እንደሚጠራጠር በራስ ቃል መናገር፤ በየቀኑ።

የልምምድ ጥያቄም ብዛት ብቻውን አይጠቅምም። ፈተናውን የሚያወጣው ኢቲኤስ ትክክለኛውን የፈተና ገጽ የሚመስሉ ሁለት ሙሉ ፈተናዎች በነፃ ይሰጣል፤ የድርሰት ርዕሶቹንም ገልጦ አስቀምጧቸዋል። የቴሌግራም ክምር በእነዚህ ቢተካ እመርጣለሁ። እያንዳንዱን ፈተና ስልክ አጥፍቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ በአንድ ቁጭታ መሥራት ነው። ከዚያ ዋናው ሥራ ይጀምራል። የተሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ በደብተር ጽፎ ለምን እንደተሳተ ማስፈር። ትምህርቱን ያላወቀ ሰውና እያወቀ ቸኩሎ ያነበበ ሰው መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ሰዓት ያለቀበት ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ ስላለው፣ ሰዓት ያለቀበት ልጅ መማር ያለበት ምልክት አድርጎ ማለፍን ነው። ለስሕተት የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ባዶ መተው አያስፈልግም።

ስለ ገንዘቡም እናገራለሁ። ክፍያው 220 ዶላር ነው። ለጀማሪ ተቀጣሪ ከወር ደመወዙ ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ውጭ ያለ አጎት ወይም እኅት ነው። ከኮቪድ ወዲህ በርካታ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ፈተናውን መጠየቅ ትተዋል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የሚያመለክቱበትን ክፍል መስፈርት ማንበብ ግድ ነው። ፈተናው የማያስፈልገውን ልጅ አስከፍሎ ማስጠናትን እኔ እንደ በደል ነው የማየው።

መክፈል ግድ ከሆነ፣ በምዝገባው ላይ ስምን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል መጻፍ ያስፈልጋል። የአባትና የአያት ስም አጻጻፋችን በየሰነዱ ስለሚለያይ በር ላይ የሚያስመልስ ነገር ነው። ከቤት መፈተን ይፈቀዳል፤ ግን መብራትና ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ልጅ ፈተና ጣቢያ ቢሄድ እመክራለሁ። ከቤት የሚፈተን ደግሞ በተራ ወረቀት ላይ ማስላት ስለማይፈቀድለት፣ ከወዲሁ በትንሽ ዋይትቦርድና በሚጠፋ ማርከር ይለማመድ። ድጋሚ ለመፈተን 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚዘጉት በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ቀጠሮ መስከረም ላይ መያዝ ለሁለተኛው ቦታ ይተዋል።