ለቆመ ሰው ወንበር፣ ለታመመ ተረከዝ ጊዜ

በለቡ መብራት ኃይል ማለዳ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ የተመለከተ ሰው፣ ከተማችን ምን ያህል በእግሯ እንደምትኖር ይረዳል። ከተሰላፊዎቹ መካከል ቀኑን ሙሉ በር ላይ የሚቆም ጥበቃ፣ ከሰሌዳ ፊት የምትውል መምህርት፣ መቀመጫ የሌላት የሱቅ ሠራተኛ አይጠፉም። ከእንዲህ ያሉ ሠራተኞች አንድ ዓይነት እሮሮ እንሰማለን፦ ጠዋት ከአልጋ ወርደው መጀመሪያ ሲረግጡ ተረከዝን እንደ ሚስማር የሚወጋ፣ ጥቂት ሲራመዱ ጋብ የሚል፣ ወደ ማታ ግን የሚመለስ ሕመም። በሕክምናው ዓለም ፕላንታር ፋሺያይተስ ይባላል። በእኛ እምነት ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታከመው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው።

ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች የሚዘረጋ ወፍራም የማያያዣ ኅብረ ሕዋስ ነው። አንባቢ በራሱ እግር ሊመረምረው ይችላል። ተቀምጦ የእግሩን አውራ ጣት በእጁ ወደ ላይ ቢያጥፍ፣ በውስጥ እግሩ እንደ ክራር አውታር የተወጠረ ነገር ይዳስሳል፤ የእግሩ ቅስትም ከፍ ይላል። ሂክስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን አሠራር ገመድ በሚጠቀልል መዘውር መስሎ ገልጾታል። በየእርምጃው ተረከዝ ከመሬት ሲነሣ አውታሩ ይወጠራል፤ ልል የነበረውም እግር ሰውነትን ወደፊት የሚገፋ ጠንካራ ዘንግ ይሆናል። ረጅም ሰዓት መቆም፣ የሰውነት ክብደት መጨመርና የባት ጡንቻ መኮማተር በዚህ አውታር ላይ ጫና ያበዛሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «አይተስ» የሚለው ቅጥያ ብግነትን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ሌሞንትና ባልደረቦቹ ሕመማቸው ሥር ከሰደደ ሰዎች በቀዶ ሕክምና የተወሰዱ 50 ናሙናዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ያገኙት በዋናነት ብግነት ሳይሆን የተበጣጠሰና ያረጀ የኮላጅን ክር ነበር። እንግዲህ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ ክሩን አይጠግንም፤ ሲደጋገምም ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ተረከዝ ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌም የሚሰጠው እፎይታ አጭር ነው፤ አልፎ አልፎም አውታሩ እንዲበጠስ ምክንያት ሆኗል። በራጅ የሚታየው የበቀለ አጥንትስ? ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም ይገኛል። «አጥንት በቅሎብሃል» የሚለው አነጋገር ከሕመሙ ይልቅ ሰውን ያስደነገጠ ይመስለናል።

የሚጠቅመው ሕክምና ተራ ስለሆነ ይናቃል። ጠዋት ከመርገጥ በፊት የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ወደ ቅልጥም መሳብ፣ እስከ 10 ቆጥሮ መልቀቅ፤ ይህንንም 10 ጊዜ መደጋገም፣ በቀን 3 ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ፣ ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ በደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር በዝግታ መነሣትና መውረድ፣ ቀን እየዘለሉ ሲሠራ፣ በ3 ወር ውስጥ ከማሳሳብ የተሻለ ውጤት ማሳየቱን አረጋግጧል። በ12ኛው ወር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። አብዛኛው ታማሚ በአንድ ዓመት ገደማ ይድናል። ከመውደቅ በኋላ የመጣ፣ እብጠት ወይም መደንዘዝ ያለው፣ ወይም ተኝተውም የማይተው ሕመም ግን ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏልና ጫማ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እርሱ በባዶ እግር መሮጥን የለመደ አትሌት ነበር፤ የታመመ ተረከዝ በቤት ውስጥ ሲሚንቶ ላይ እንኳ ለስለስ ያለ ጫማ ይሻል።

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ በታማሚው እጅ ያለ ነው። የጥበቃው የሥራ ሰዓት ግን በእጁ አይደለም። በአገራችን መቆም የትጋት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ «ጥበቃ ከተቀመጠ ይተኛል» የሚል አሠሪም አይታጣም። በር የሚጠብቀው ዓይን ሆኖ ሳለ ተረከዝ ለምን ይቀጣል? ከፍ ያለ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ያያል፤ መታወቂያም ይመረምራል። በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ የሚፈቅድ አሠራር ከዩኒቨርሲቲ በሮች ቢጀመር፣ ቢያንስ ይህን መጽሔት የምናነብ ሰዎች በየቀኑ ስናልፍ መፈጸም አለመፈጸሙን በዓይናችን እናያለን።