የፖሊስ መዝገብ የሕዝብ መዝገብ ነው



ከተማ ብንኖርም አብዛኞቻችን ከገጠር ሥራችን አልተነቀለም። እናት በጎጃም፣ ወንድም በወሎ፣ አጎት በአርሲ፣ አማች በወላይታ አለን። አንድ ሌሊት ስልክ ይደወልና «ወንድምህን ፖሊስ ወስዶታል» ወይም «በሬዎቻችንን ነድተውብን አመልክተን መልስ አጣን» የሚል ወሬ ይሰማል። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ወረዳው ከተማ እንሄዳለን። በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የሚጠብቀን መልስ ግን በየክልሉ ተመሳሳይ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ «መዝገቡን የያዘው መርማሪ ለሥራ ወጥቷል»፤ «ከበላይ አካል ደብዳቤ አምጡ»፤ «በዚህ ስም የተያዘ ሰው እዚህ የለም»።

ፓርቲያችን በዚህ ማኒፌስቶ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥራ አጥነት ያለውን አቋም ዘርዝሯል። በዚህ ርዕሰ አንቀጽ ደግሞ በተረኛ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ስላለው መዝገብ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የሕግ የበላይነት መኖርና አለመኖሩ የሚታወቀው ግን መጀመሪያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጠ። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን አስገደደ፤ የተከለከለ ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት የሚልበትን መንገድም አበጀ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣ እንኳ የመረጃ ነጻነቱ ክፍል አልተሻረም። ስለዚህ በገጠር ወረዳ በር ላይ የጎደለው ሕጉን የሚያስፈጽም መንግሥታዊ ፈቃድ ነው።

የመዝገቡን ክብደት ለማየት ሁላችንም የምናውቀውን የ48 ሰዓት ድንጋጌ እንውሰድ። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው አግባብ ያለው ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህ ሰዓት የሚቆጠረው ከየት ተነስቶ ነው? ሰውየው ከተያዘበት ደቂቃ ነው። የተያዘበት ደቂቃ የሚታወቀው ደግሞ በእስረኛ መመዝገቢያው ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። ሰኞ ማታ በቀበሌ ሚሊሻ ተይዞ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲታጎር የሰነበተ ገበሬ በወረዳው መዝገብ ላይ «ዓርብ ተያዘ» ተብሎ ቢጻፍ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ሕጋዊ እስረኛ መስሎ ነው። መዝገቡን ዘመድ ማየት ካልቻለ ይህን የሚያጋልጥ ማስረጃ ከየትም አይገኝም።

ያለ ሕግ የታሰረን ሰው ለማስፈታት የተዘጋጀው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታም እንዲሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 177 አቤት ባዩ ሰውየው በማን እጅ፣ የት እንደተያዘ በመሐላ ቃሉ እንዲገልጽ ይጠይቃል። የት እንዳለ የተደበቀበት ቤተሰብ ይህን እንዴት አድርጎ ይሙላ? መዝገቡ ሲዘጋ የፍርድ ቤቱም በር አብሮ ይዘጋል።

ይህ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የከተማ ነዋሪ ያውቀዋል። የ1997 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ታፍሰው ወደ ዴዴሳ የጦር ካምፕ ሲጋዙ፣ ስንቅ ቋጥረው ከጣቢያ ጣቢያ የተንከራተቱት የአዲስ አበባ ወላጆች ናቸው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መርማሪ ቦርድ 11,607 ሰዎች መታሰራቸውን ይፋ አደረገ። ቁጥሩን መስማት አንድ ነገር ነው። ልጇን የምትፈልግ እናት ግን የምትጠይቀው ስም፣ ቦታና ሰዓት ነው።

መዝገቡ ለእስረኛ ዘመድ ብቻም አይደለም የሚያስፈልገው። ከብቱ የተሰረቀበት፣ ልጁ የተጠለፈችበት፣ ድንበሩ የተገፋበት ሰው ማመልከቱን የሚያረጋግጥለት ቁጥር ከሌለው አቤቱታው አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። በገጠር መንገድ መኪና የገጨው እግረኛ ከመድን ድርጅት ካሳ ለመጠየቅ የፖሊስ ሪፖርት ይጠየቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ክስና አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ምርመራም ያለ አላስፈላጊ መዘግየት እንዲጠናቀቅ ደንግጓል። ያልተመዘገበ አቤቱታ ግን መዘግየቱ እንኳ አይታወቅም።

«መዝገብ ከተከፈተ ምርመራ ይበላሻል፤ የሰው ገመና ይወጣል» የሚሉን አሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው። የተደፈረች ሴት ስም፣ የሕፃናት ጉዳይ፣ የጠቋሚና የምስክር ማንነት፣ ገና በመካሄድ ላይ ያለ ምርመራ ዝርዝር ለማንም መሰጠት የለበትም። አዋጁም ለእነዚህ ልዩ ጥበቃ አድርጓል። ነገር ግን አንድ ሰው መታሰሩን ለእናቱ መንገር፣ አመልካች ላቀረበው አቤቱታ ቁጥር መስጠት የትኛውን ምርመራ ያበላሻል? አያቶቻችን ወንጀል ሲፈጸም አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር። ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ከሥራው ተስተጓጉሎ መዋሉ ጉድለቱ ነበር፤ ይሁንና ምርመራው የሚካሄደው በአገሬው ፊት ነበር።

የገጠር ፖሊስንም ችግር እንረዳለን። በአነስተኛ ደመወዝ፣ ያለ በቂ ተሽከርካሪ፣ ያለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሰፊ ወረዳ ይጠብቃል። አንዳንዴም መዝገቡን የሚደብቀው ወዶ ሳይሆን ከወረዳው ካድሬ የስልክ ትእዛዝ ደርሶት ነው። ግልጽ የሆነ መዝገብ እንዲህ ያለውን ፖሊስ ከሕገወጥ ትእዛዝ የሚከላከልለት ጋሻ ነው።

ስለሆነም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል፦

1. ማንኛውም አመልካች አቤቱታውን ባቀረበበት ሰዓት የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና የተቀባዩ ፖሊስ ስም ያለበት ማረጋገጫ በነጻ እንዲሰጠው፤

2. የተያዘ ሰው ስም፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ያለበት ቦታ በዕለቱ ተመዝግቦ ለቤተሰቡና ለጠበቃው ሲጠየቅ ወዲያውኑ እንዲነገር፤ በቀበሌ የቆየበት ሰዓትም አብሮ እንዲቆጠር፤

3. ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል፣ በሚገባው ቋንቋ እንዲያቀርብ፤ ክፍያውም ከቅጂው ዋጋ እንዳይበልጥ፤

4. ክልከላ ሁሉ ምክንያቱና የሕግ አንቀጹ ተጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥ፤

5. መዝገብ የደበቀ፣ ያጠፋ ወይም ሰዓት የለወጠ ኃላፊ በግሉ በሕግ እንዲጠየቅ፤

6. የእንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሥራ እስከ ወረዳ እንዲደርስ በጀት እንዲመደብ። ኮሚሽኑ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እስር ቤት የመጎብኘት ሥልጣን አግኝቷል። ሥልጣኑ ሩቅ ወረዳ ካልደረሰ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። ጥራዝ፣ ማኅተም፣ ማባዣ ማሽንና በሥነ ሥርዓት የሠለጠነ መዝገብ ቤት ይበቃል።

እስከዚያው ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ወደ ወረዳ ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በአንዱ ላይ የተቀበላችሁን ሰው አስፈርሙ፤ እምቢ ቢል ቀኑን፣ ሰዓቱንና አብሯችሁ የነበረውን ምስክር ስም ጻፉ። «የለም» ሲሏችሁ «የለም ብላችሁ ጻፉልን» በሉ። በቃል የሚዋሽ ብዙ ነው፤ በፊርማው የሚዋሽ ግን ጥቂት ነው።

ውድ መራጮች፣ በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ጠመንጃ ቢይዝም ቆሞ ይሰማ ነበር። ያ ቃል ክብሩን ያገኘው ሕዝቡ ሕጉ የእሱም እንደሆነ ያምን ስለነበር ነው። የትናንቱም የዛሬውም ገዥ ሕጉን በመዝገብ ቤት ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞታል። በምርጫው ቀን የምትሰጡት ድምፅ ያንን ቁልፍ ወደ ባለቤቱ ወደ ሕዝቡ ለመመለስ ይሁን። የገጠር ዘመዶቻችሁን አስቡና ድምፃችሁን ስጡን።