የተገለበጠ ፎቶግራፍ

አንድን ፎቶግራፍ ቀኙን ግራ አድርጎ ማተም ከውሸት ይቆጠራልን? እኔ ይቆጠራል ባይ ነኝ። የንግድ ማስታወቂያ አዘጋጆች የሰውየው ፊት ከጽሑፉ ወዲያ ሲዞርባቸው ምስሉን ይገለብጡታል፤ ማን ያውቅብናል ብለው መሆን አለበት።

እስቲ ይህን ተመልከቱ። ቢሊ ዘ ኪድ የተባለው አሜሪካዊ ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ በስስ ብረት ላይ በቀጥታ የሚቀረጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ እንደ መስተዋት ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል። ይህን ያላስተዋሉ ሰዎች ሽጉጡን በግራ ወገቡ ስላዩ ግራኝ ነው አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ፊልም እንኳ ርእሱን ከዚሁ ግራኝነት ወሰደ። በእጁ የያዘውን ጠመንጃ ልብ ብለው ቢያዩት ኖሮ ባልተሳሳቱ ነበር። የ1873ቱ ዊንቸስተር ጥይት የሚጎርሰው በቀኝ ጎኑ ሲሆን፣ በፎቶግራፉ ላይ ግን መጉረሻው በግራ ይታያል። እዚያ ላይ ማንም አስቦ አልዋሸም፤ አሳሳቹ የመሣሪያው ጠባይ ነበር። የዛሬው አታሚ ግን እያወቀ ነው የሚገለብጠው።

ሠዓሊ እንደ ፈቀደ ይገልብጥ፤ ሥዕሉ የራሱ ነው። ፎቶግራፍ ግን ምስክር ሆኖ የሚቀርብ ነገር ነው። እንግዲህ ጋዜጣ ስትገልጡ የወንዱን ሸሚዝ ፈትሹ፤ ቁልፎቹ የተተከሉት በለባሹ ግራ በኩል ከሆነ ምስሉ ሳይገለበጥ አልቀረም።