የገና ዛፍና የቡናው ምድጃ

በዓለ ልደት በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም በ28 ቀን፥ ሊከበር ሲቃረብ፥ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባሉት ከተሞች፥ በጎብዬም ሆነ በሮቢት፥ ይልቁንም በቆቦ፥ እየበዛ የመጣ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የገና ዛፍ ማቆም ነው። ልማዱ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የተቀዳ አይደለም፤ የእኛ የገና እንጨት እረኞችና ጎልማሶች በሜዳ ላይ ሩሩን የሚመቱበት ቆልማማ ዱላ እንጂ በክፍል ውስጥ የሚቆም ቅርንጫፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዛፉ ሕፃናትን ደስ የሚያሰኝ፥ ቤቱንም የሚያስጌጥ ስለ ሆነ ልማዱን እነቅፍ ዘንድ አልተነሣሁም። የተነሣሁበት ጉዳይ ዛፉ የሚቆምበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ነገር ዝም ማለት በሰው ነፍስ ላይ ቸል እንደ ማለት ሆኖ ይሰማኛልና።

የአገራችንን ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በከተማችን ብዙው ቤተሰብ የሚኖረው ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ በሩም አንድ ብቻ በሆነ ክፍል ሲሆን፥ በዚያ ክፍል ውስጥ አልጋው በመጋረጃ ተከልሎ፥ ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ ወይም ከአቡጀዲ ተሰፍቶ፥ በአንዳንዱም ቤት ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፎ ይገኛል። በበዓል ቀን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ምድጃው ፍሙን ይዞ ከረከቦቱ ጎን ይቀመጣል፤ ዕጣንም ይጤሳል። ዛፉ እንግዳ በሚያየው በኩል ይቆም ዘንድ ይፈለጋልና፥ እንግዳም ቡና በሚፈላበት በኩል ይቀመጣልና፥ ዛፉና ፍሙ የክንድ ያህል ርቀት እንኳ ሳይኖራቸው ጎን ለጎን ይሰየማሉ።

በአንድ ቤት ተጋብዤ እንዳየሁት የዛፉ ጫፍ የጆንያውን ኮርኒስ ነክቶ፥ የታችኛው ቅርንጫፍ በምድጃው ከንፈር ላይ አዘንብሎ፥ በቅርንጫፎቹም ላይ በረዶ ይመስል ዘንድ የተባዘተ ጥጥ ተበትኖበት ነበር። የቤቱ ልጅ ከሰሉን ባራገበችው ቍጥር ፍንጣሪው ተንጣጥቶ እስከ ጥጡ ድረስ ይወጣል፤ አንዱ ይጠፋል፥ ሌላው ይከተላል። እናቲቱ ፊቴን አይታ፥ «ምነው ጋሼ፥ ቡናው ዘገየብዎት?» አለችኝ። ፍንጣሪውን በጣቴ ባሳየኋት ጊዜ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ ምድጃውን በጨርቅ ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው። ያች ሴት አስተዋይ ነበረች፤ ጥፋቱ ያስተማራት ሰው ባለመኖሩ እንጂ ከአስተዋይነቷ ጕድለት አልነበረም። ነገር ግን በሩ አንድ ብቻ ነውና ምድጃው በዚያ ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ሥጋት ወለደ፤ ዛፉ በሆነ ምክንያት ቢያያዝ በቤቱ ያሉት ሁሉ የሚሸሹት በእሳት ላይ ተራምደው ይሆናልና።

ለገና ዛፍነት የሚቈረጠው ጥድ እንዴት እንደሚነድ ደገኛው ያውቃል፤ ቆለኛው ግን ማገዶው ግራርና የማሽላ አገዳ ስለ ሆነ ጠባዩን ላያውቀው ይችላል። የጥድ ቅጠል ደቃቅ ነው፤ በውስጡም ሙጫና ቅባት አለበት። ቅርንጫፉ እርጥብ ሳለ በውስጡ ያለው ውሃ እሳቱን ይከለክልለታል፤ ነገር ግን ተቈርጦ በታኅሣሥ ደረቅ አየር፥ በዚያም ላይ ከፍም አጠገብ፥ ጥቂት ቀን የሰነበተ እንደ ሆነ የምድጃው ወላፈን ውሃውን ዕለት ዕለት እየመጠጠ ቅባቱን ብቻ ያስቀርለታል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፍንጣሪ ብታርፍበት መላው ዛፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነበልባል ሊሆን ይችላል። ከገበያ የሚገዛው የፕላስቲክ ዛፍ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እርሱም ከእሳት ሲጠጋ ይቀልጣል፥ ጠብታውም ቄጤማውንና የስፖንጁን ፍራሽ ያያይዛል፥ ጭሱም መርዝ ነው።

ልማዱ የተወለደባቸው አገሮች ይህን ሁሉ በብዙ ጕዳት ተምረውታል። ዛፉን በቤት ውስጥ ማቆም በ16ኛው ምእተ ዓመት በጀርመኖች ዘንድ፥ በስትራስቡርግና በአካባቢዋ፥ የታወቀ ነበር፤ በ1848 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ንግሥት ቪክቶሪያ ከባለቤቷ ከልዑል አልበርትና ከልጆቿ ጋር በዛፉ ዙሪያ ሆና የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከታተመ ወዲህም በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ ተስፋፋ። በዚያ ዘመን በየቅርንጫፉ ላይ የሚበራው እውነተኛ ሻማ ነበርና ቤቶች ይቃጠሉ ነበር፤ በ1882 የኤዲሰን ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን በኒው ዮርክ ቤቱ ዛፉን በኤሌክትሪክ አምፖል እስኪያስጌጥ ድረስ ከሻማ በቀር ሌላ መብራት አልተገኘለትም። ዛሬ በአሜሪካ ስለ እሳት መከላከል ደንብ የሚያወጣው ብሔራዊ ማኅበር ዛፉ ከማናቸውም የሙቀት ምንጭ ቢያንስ 3 ጫማ፥ ማለት 1 ሜትር ያህል፥ እንዲርቅ፥ መውጫውን እንዳይዘጋ፥ ግንዱም ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቈርጦ ውሃ ውስጥ እንዲቆምና ውሃው በየቀኑ እንዲሞላለት ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አልጋና ሣጥን፥ ረከቦትና እንግዳ በሞላበት አንድ ክፍል ውስጥ ያ አንድ ሜትር ከየት ይገኛል? የእነርሱ ምድጃ መዝጊያና ጭስ መውጫ ያለው የብረት ወይም የሸክላ ዕቃ ሲሆን የእኛ ደግሞ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ፍም መሆኑን ስናስብ አንድ ሜትሩም የሚበቃ አይመስለኝም።

እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አስባለሁ። በአውሮጳ ዛፍና ምድጃ በአንድ ክፍል የተገናኙት ሰው ፈልጎት ሳይሆን ብርዱ አስገድዶት ነው፤ ደጁ በረዶ ነውና በዓሉም እሳቱም ከውስጥ ይሆን ዘንድ ግድ ሆነ። ቆቦ ግን ቆላ ናት። በእኛ ዘንድ እሳት የሚነደው ለወጥና ለቡና እንጂ ገላን ለማሞቅ አይደለም፤ የታኅሣሥ ቀንም በራያ ሜዳ ላይ ለስላሳና ብሩህ ነው፤ ዝናብም ብዙ ጊዜ አያሠጋም። ስለዚህ ያልያዘንን ግድ በገዛ ቤታችን ላይ የምንጭንበት ምክንያት ምንድር ነው? ዛፉ ከቤት ይቁም ቢባል ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ፤ ቡናው በግቢው ጥላ ሥር ይፈላ፤ የሚጠጣውም በዚያው ይጠጣ። ወይም ደግሞ፥ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፥ ጌጡ በግቢው ውስጥ በበቀለው ሕያው ዛፍ፥ በቍርቍራውም ይሁን በሌላው፥ ላይ ይሰቀል። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ የሚያርስ የራያ ገበሬ፥ በሁጉምቡርዳ ደንና በየደብሩ ዐጸድ ላይ የቀረው ጥድ ለበዓል ጌጥ ሲባል እንዲቈረጥ ሊወድ አይገባውም።

ከደጅ እሳት ማንደድም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በታኅሣሥ ማሽላው ታጭዶ በየግቢው የአገዳ ክምር የሚቆምበት ወራት ነው፤ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ይነሣል። ምድጃው ከክምሩ የሚርቅ፥ ነፋሱም ከክምሩ ወደ ምድጃው እንጂ ከምድጃው ወደ ክምሩ የማይነፍስበት ስፍራ ሊመረጥለት ይገባል፤ አመዱም ፍሙ ፈጽሞ እስኪሞት ድረስ ውሃ ሳይርከፈከፍበት ሊደፋ አይገባም። የዓመት መኖ በአንድ ፍንጣሪ ሲጠፋ ከብቱም ባለቤቱም ይራባሉ።

ከአላማጣ ተነሥቶ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮረም የወጣ ሰው፥ ወይም በዞብል ተራራ ላይ የሚያድር፥ የነገርሁትን ሁሉ እንዳለ ሊቀበለው አይችልም፤ በዚያ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ይቈረጥማልና ምድጃው ወደ ቤት ይገባል። ለእነዚህ ወገኖቼ የምነግራቸው ከዛፉ መቃጠል ይልቅ ድምፅ የሌለውን ክፉ ነገር ነው። ከሰል አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ነፍስ ገዳይ ትንፋሽ ያወጣል፤ ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀልቶ ካማረ በኋላ እንኳ መውጣቱን አይተውም። በደማችን ውስጥ የሕይወትን አየር የሚሸከመውን ነገር ከዚያ አየር ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ስለሚይዘው ሰውየው በተዘጋ ቤት ሳይታወቀው ይደክማል፥ ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፤ ከረጅሙ የነቢያት ጾም በኋላ ዶሮና ጠላ ያገኘ ሰው ደግሞ ሕመሙን ከፍስኩ ስለሚቈጥረው ልተኛ ብሎ ይጋደማል፥ በዚያውም የሚቀር አለ። ማኅሌት ቆሞ የመጣው አባት በሩን ዘግቶ ከፍሙ አጠገብ ባይተኛ፥ መስኮቱና በሩም በጥቂቱ ክፍት ሆነው ቢቈዩ፥ መኝታ ሲደርስም ምድጃው ወደ ውጭ ቢወጣ ይህ ሁሉ አይደርስም። ለዛፉ ብርሃን ተብሎ መስኮቱን በመጋረጃ መድፈንም ጨርሶ መተው አለበት።

ስለ መብራቱ ነገር አጭር ልናገር። ሽቦው ቀጭን የሆነ ባለ ቀለም አምፖል በቄጤማ ሥር ተዘርግቶ፥ በአንድ ማከፋፈያ ላይም ምጣድና ቴሌቪዥን ተደርቦበት፥ ሌሊቱን ሙሉ ሊበራ አይገባም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እጃችን ወዲያው ወደ ሻማና ወደ ጧፍ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ በሰሜን ወሎ መብራት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ጨለማን በሻማ መወጣት ለመድን፤ ለዚህም ማንም ሊወቀስ አይችልም። ነገር ግን ሻማው በሰፊ ሳሕን ላይ፥ ከዛፉና ከመጋረጃው ርቆ፥ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ እንጂ ዛፉ ከጨለመ ያሳዝናል ተብሎ በቅርንጫፉ ላይ አይሰካ።

በቆቦ ቤትና ቤት ብዙ ጊዜ በአንድ ግድግዳ ይጋጠማል፤ በአንዱ በኩል ክርስቲያኑ፥ በሌላው በኩል ሙስሊሙ ይኖራል፤ በገናና በዒድ ቡናውን የሚጠጣጡት አብረው ነው። እንግዲህ በዛፉ ምክንያት የሚነሣ እሳት ዛፉን ያላቆመውን ጎረቤት ቤት ጭምር የሚበላ ስለ ሆነ፥ ዛፍ ያቆመ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ባልዲ ውሃና ከረጢት አሸዋ ከበሩ አጠገብ ሊያኖር ለጎረቤቱ ዕዳ አለበት። ይህ በዕድርም በሰንበቴም በግልጽ ሊነገር ይገባዋል፤ ካህናቱም ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ምእመናኑን ቢያሳስቡ ቃላቸው ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል።

ዛፉ ብዙ ጊዜ እስከ ጥምቀት፥ እስከ ጥር 11 ቀን ድረስ ሳይነሣ ይቈያል፤ ይኸውም ከሁሉ ይልቅ በደረቀበት ጊዜ ከምድጃው ጎን ቆሞ ይገኛል ማለት ነው። ቅጠሉ ሲነካ መርገፍ ከጀመረ በዓሉ አላለፈም ተብሎ ሊዘገይ አይገባውም፤ በዚያው ቀን ይውጣ። ለማገዶ የሚፈልገውም ሰው ከነቅጠሉ በምድጃ ላይ አይጨምረው፤ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ፊት ይልጣልና ከደጅ ቈራርጦ፥ ቅጠሉንም አራግፎ፥ ከማእድ ቤቱ ምጣድ ሥር ጥቂት በጥቂት ያስገባው።