አዲሱ አሠልጣኝና የቀድሞዎቹ ረዳቶች

የእግር ኳስ ወሬ የምትከታተሉ አንባቢዎቼ ይህን ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። አንድ ቡድን ዋና አሠልጣኙን አሰናብቶ ሌላ ሲቀጥር፥ የሚለወጠው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። አዲሱ ሰው ረዳቱንና የበረኞቹን አሠልጣኝ አስከትሎ ይገባል፤ በዚያ ሜዳ ለዓመታት የደከሙት የቀድሞዎቹ ደግሞ ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን አጠፉ? ይህ ጥያቄ ከኳስ ሜዳ አልፎ ወደየመሥሪያ ቤቱ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ዛሬ አብረን እንድንመረምረው ወደድሁ።

በመጀመሪያ ለአዲሱ አሠልጣኝ እንፍረድለት። ዋና አሠልጣኝ ሥራውን ሁሉ ብቻውን አይሠራም። ልምምዱን የሚመራለት፥ የተጋጣሚውን ቡድን አጨዋወት አጥንቶ የሚነግረው፥ የተቀየመውን ተጫዋች የሚያባብልለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሰው የአለቃውን ሐሳብ በግማሽ ቃል የሚረዳ መሆን አለበት። አሠልጣኙ አሠራሩን ለማያውቁት ሰዎች አንድ ባንድ ላስተምር ቢል ጊዜ የለውም፤ አምስት ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ቢሸነፍ በመጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ እንጂ ረዳቱ አይደለምና።

ሁለተኛው ምክንያት መተማመን ነው። የቀድሞው ረዳት ልቡ ከተሰናበተው አለቃው ጋራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ወንበሩን ለራሱ ተመኝቶ ያጣ ሰው ይሆናል። ተጫዋቾቹም አዲሱን ሰው በተቀየሙት ቁጥር ወደሚያውቁት ሰው ዘንድ ሄደው ያጉረመርማሉ፤ በአንድ ቤትም ሁለት አባወራ ይሆናል። ስለዚህ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንደ ተባለው፥ አዲሱ ሹም የሚያውቀውን ሰው ይዞ ይመጣል።

ይህ ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን የብራያን ክላፍ ታሪክ ያስረዳል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክላፍ በ1974 የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረውን ሊድስ ዩናይትድን ሲረከብ፥ የዘወትር የሥራ ጓደኛው ፒተር ቴይለር አብሮት አልሄደም፤ በብራይተን ቀረ። ክላፍም ቀድሞ በአደባባይ ሲነቅፋቸው ከነበሩ ተጫዋቾች መካከል ያለ ጓደኛው ገብቶ፥ በ44 ቀን ተሰናበተ። ሁለቱ በ1976 በኖቲንግሃም ፎረስት እንደ ገና በተገናኙ ጊዜ ግን ቡድኑን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን አንሥተው፥ በ1978 የእንግሊዝ ሻምፒዮን፥ በ1979ና በ1980 የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት አደረጉት። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን የነገሩን ሌላ ገጽ ደግሞ እንመልከት። በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን ከ26 ዓመት በላይ ከመሩ በኋላ በቃኝ ሲሉ፥ ቡድኑ ተከታዩን በ11 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ተተኪው ዴቪድ ሞይስ ማይክ ፌላንን፥ ረኔ ሙለንስቲንንና የበረኞቹን አሠልጣኝ ኤሪክ ስቲልን ሸኝቶ፥ በኤቨርተን አብረውት የሠሩትን ስቲቭ ራውንድን፥ ጂሚ ለምስደንንና ክሪስ ዉድስን አመጣ። የስድስት ዓመት ውል የፈረመው ሞይስ ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 2014 ተሰናበተ፤ ቡድኑም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ጥፋቱን ሁሉ በረዳቶቹ መለወጥ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ በዕድሜ ገፍተው ነበር፥ ዋናው ሥራ አስኪያጅም በዚያው ጊዜ ለቆ ነበር። ይሁን እንጂ የትኛው ተጫዋች ሲቈጡት እንደሚበረታ፥ የትኛው ሲቈጡት እንደሚሰበር የሚያውቁት ሰዎች አብረው ሲወጡ፥ ያ ዕውቀት በማንም መዝገብ ተጽፎ አልቀረም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የመረጠውም ሰው አለ። ቢል ሻንክሊ በታኅሣሥ 1959 ሊቨርፑልን ሲረከብ ቡድኑ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነበር። በዚያ ያገኛቸውን ቦብ ፔይስሊን፥ ጆ ፋጋንንና ሩበን ቤኔትን አላሰናበተም፤ ታማኝነታቸውን ጠይቆ አብረውት እንዲሠሩ አደረገ። እነዚህ ሰዎች የተጫዋቾች ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል እየተሰበሰቡ ይመክሩ፥ የልምምዱንም ውሎ በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ሻንክሊ በ1974 ሲለቅ ፔይስሊ ተተካ፤ በዘጠኝ ዓመትም ስድስት ጊዜ የእንግሊዝን ሻምፒዮና፥ ሦስት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ አመጣ። ከእሱ ቀጥሎ ፋጋን በ1984 ሌላ የአውሮፓ ዋንጫ ጨመረ። ሻንክሊ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ጠርጎ ቢሆን ኖሮ፥ እነዚያ ሁለት ተተኪዎች በሌላ ሰው ቤት በሆኑ ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ እንዴት ነው? በእኔ አስተያየት አዲስ አለቃ አንድ ወይም ሁለት የሚተማመንባቸውን ሰዎች ይዞ ቢመጣ ነውር የለበትም። ነውሩ ማን ምን እንደሚያውቅ ሳይጠይቅ ሁሉን ማባረሩ ነው። ሰውን በታማኝነቱ መመዘን ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ሳይፈትኑት «የቀድሞው ሰው ወገን ነው» ብሎ መፍረድ ሚዛን ሳይይዙ እህል እንደ መሸጥ ያለ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በታችኛው ወንበር ለምትገኙ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። አለቃችሁ መለወጡ አይቀርም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን በማማት ለመወደድ አትሞክሩ፤ ትናንት ያገለገለውን ዛሬ የሚያማ ሰው፥ ነገ እኔንም ያማኛል ብሎ ያስባልና። የፋይሉን መንገድና የባለጉዳዩን ጠባይ ግን በግልጽ አስረዱት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢቀር ለመሥሪያ ቤቱ ይጠቅማል፤ ቢሄድም ሙያው አብሮት ይሄዳል። እናንተም ነገ ሹማምንት ስትሆኑ፥ በሩ አጠገብ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ነባር ጸሐፊ ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ስኒ ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁት፤ ምናልባት የቤቱን ቁልፍ የያዘው እሱ ይሆናል።